ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት ውኃ፦ የሃዋይ ቀዛፊ ሻምፒዮን ጉዞ ለምን ለሁለት ይከፈላል?

በኦገስት 2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፓሪስ ብዙም በማይርቀው የቬር ሱር ማርን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ የኦሊምፒክ የካያክ (በባለ ሁለት ጫፍ መቅዘፊያ የምትነዳ ጠባብ ጀልባ) እና የታንኳ ፍጻሜዎች ተካሄዱ። ወሩ ሳይጠናቀቅ ደግሞ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ በሃዋይ ትልቁ ደሴት በሂሎ የባሕር ዳርቻ፣ የዓለም የቫዓ አጭር ርቀት ሻምፒዮና ተስተናገደ። ቫዓ ታሂቲዎች፣ ዋዓ ደግሞ ሃዋያውያን የሚሏት ባለ ጎን ተንሳፋፊ የፓስፊክ ታንኳ ናት። በፓሪሱ ውድድር ሃዋይ የሚባል ተወዳዳሪ ወገን አልነበረም፤ ከዚያ ደሴት የሚመጣ ቀዛፊ በኦሊምፒክ ሊሳተፍ የሚችለው የአሜሪካን ማልያ ለብሶ ብቻ ነው። በሂሎ ግን ሃዋይ ከኒውዚላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከታሂቲ አልፎም ከራሷ ከአሜሪካ ጋር እኩል ተሰልፋ፣ በራሷ ስምና በራሷ ባንዲራ ተወዳድራለች።

ልዩነቱ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያነጋግር ነገር ባልኖረው ነበር። በተግባር ግን የአንዲትን ጎበዝ ሃዋያዊት ቀዛፊ የስፖርት ሕይወት ከመሀል ይሰነጥቀዋል። ያደገችባት ታንኳ የኦሊምፒክ መንገድ የላትም፤ የኦሊምፒክ መንገድ ያለው ካያክ ደግሞ ከባሕሯም፣ ከክለቧም፣ ከስሟም ያርቃታል። የታንኳም የካያክም ሻምፒዮን ተብለው ስማቸው የሚነሣ ሃዋያውያን ብዙዎቹ ሁለቱን የያዙት ሁለት ተሰጥኦ ስለነበራቸው ብቻ አይመስለኝም። አንዱ ብቻውን የሚያደርስበት ቦታ ውሱን ስለነበረ ጭምር ነው። ይህ ጽሑፍ ያ እንዴት እንደሆነና ዛሬ ቫዓን ወደ ኦሊምፒክ ለማስገባት የሚነሣው ሐሳብ ምን ሊፈታ፣ ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ይመረምራል።

ከታንኳዋ እንጀምር። ስድስት ሰው የምትይዘው የሃዋይ የውድድር ታንኳ ከ12 እስከ 13 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ስፋቷ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ነው። በዚህ ጥበቷ ብቻዋን ብትተው ወዲያው ትገለበጣለች። ሚዛኗን የሚጠብቅላት በግራ ጎኗ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ አማ የሚባል ቀጭን ግንድ ሲሆን፣ ኢያኮ በሚባሉ ሁለት የጎበጡ ማያያዣዎች ከታንኳዋ ጋር ይታሰራል። ከፊት የተቀመጠችው ቀዛፊ የምቱን ፍጥነት ትወስናለች፤ ከኋላዋ ካሉት አንዷ ምቱን እየቆጠረች ድምፅ ትሰጣለች፤ መሀል ያሉት የታንኳዋ ጉልበት ናቸው፤ ስድስተኛዋ መሪ ናት። አንዷ በቀኝ ስትቀዝፍ ተከታይዋ በግራ ትቀዝፋለች። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ስድስት ምት በሞላ ቁጥር ጥሪው ይሰማና ስድስቱም መቅዘፊያቸውን በአንድ ቅጽበት ወደ ተቃራኒው ጎን ያዞራሉ። አንዷ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከዘገየች ታንኳዋ ስታመነታ ሁሉም በወገባቸው ያውቁታል። በዚህ ስፖርት የግል ጉልበት ዋጋ የሚኖረው ከሌሎቹ አምስት ሰዎች ጉልበት ጋር በእኩል ጊዜ ውኃውን ሲነካ ብቻ ነው።

የዚህ ስፖርት ትልቁ ፈተና ሞሎካይና ኦዋሁ በተባሉት ደሴቶች መካከል ያለው የካኢዊ ሰርጥ ነው። ሰርጡ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ወደ 700 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት አለው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሱት የንግድ ነፋሳት ከሩቅ ውቅያኖስ የሚያመጡት ሞገድ በሁለቱ ደሴቶች መካከል ይጨናነቃል፤ የባሕሩ ወራጅ ደግሞ በራሱ አቅጣጫ ይጎትታል። ኤ. ኢ. ሚንቪዬል፣ በቅጽል ስሙ ቱትስ፣ ሰርጡን በታንኳ የማቋረጥ ውድድር ይዘጋጅ ብሎ ለዓመታት ሲወተውት ብዙዎች እብደት ነው ብለውት ነበር። ውድድሩ በ1952 ሲጀመር የተሰለፉት ሦስት ታንኳዎች ብቻ ነበሩ፤ አሸናፊው የሞሎካይ ቡድንም ኦዋሁ ላይ ወዳለው ዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ የደረሰው ከ8 ሰዓት ከ55 ደቂቃ በኋላ ነው። ሞሎካይ ሆኤ የሚባለው ይህ ውድድር ዛሬ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሲሆን፣ ምርጦቹ ቡድኖች ከ5 ሰዓት በታች ይጨርሱታል። መንገዱ፣ ታንኳውና የባሕሩ ጠባይ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ሰዓቶቹን አንድ ለአንድ ማነጻጸር ባይቻልም፣ የቀዘፋው ጥበብ ምን ያህል እንደተራመደ ግን ይናገራሉ።

ሴቶች ይህን ሰርጥ ለማቋረጥ ብዙ ጠብቀዋል። ባሕሩ ለሴት አደገኛ ነው የሚለው መከራከሪያ ለዓመታት በር ዘግቶባቸው ቆይቷል። በ1975 ሁለት የሴቶች ቡድኖች ሰርጡን ቀዝፈው በማቋረጥ ክርክሩን በተግባር ዘጉት፤ በ1979 ደግሞ ና ዋሂኔ ኦ ኬ ካይ የተባለው የሴቶች ውድድር በይፋ ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዷ የነበረችው ሃኒ አንደርሰን ውድድሩን ለአሠርት ዓመታት መርታለች። የመጀመሪያው አሸናፊ በ1908 ዋይኪኪ ላይ የተቋቋመው የአውትሪገር ታንኳ ክለብ ቡድን ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሡት ሃዋያውያን ሴት ሻምፒዮኖች ሁሉ ያለፉት በእነዚህ ሴቶች በተከፈተው በር ነው፤ ይህ በበቂ ሁኔታ አይነገርም።

በሰርጡ መሀል የሚደረገውን የቀዛፊ ቅያሪ ላላየ ሰው ስፖርቱ ምን እንደሚጠይቅ መገመት ይከብዳል። አንድ ቡድን ዘጠኝ ወይም አሥር ቀዛፊዎች አሉት፤ ስድስቱ ታንኳ ውስጥ ሲሆኑ የቀሩት በአጃቢ የሞተር ጀልባ ይከተላሉ። የቅያሪው ሰዓት ሲደርስ አጃቢው ጀልባ ቀድሞ ይሄድና ተተኪዎቹን በታንኳዋ መንገድ ላይ ባሕር ውስጥ ይጥላቸዋል። እነርሱም ተራርቀው እየተንሳፈፉ እጃቸውን ከፍ አድርገው ይጠብቃሉ። መሪዋ ታንኳዋን እነርሱ በአማው በኩል እንዲገኙ አድርጋ ትነዳለች። ታንኳዋ ፍጥነቷን ሳታቆም ስትደርስ የሚወጡት መቅዘፊያቸውን ትተው በቀኝ በኩል ወደ ባሕር ይዘላሉ፤ የሚገቡት የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ራሳቸውን በግራ በኩል ወደ ላይ ይስባሉ፤ ተቀምጠው የተተወላቸውን መቅዘፊያ አንሥተው በሚቀጥለው ምት ይገባሉ። ሁሉም በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። አንዲት ተተኪ እጇ ቢያመልጣት ታንኳዋ አታቆምላትም፤ ቡድኑ እስከሚቀጥለው ቅያሪ ድረስ በአምስት ሰው ይቀዝፋል። ይህን ጥበብ የሚያስተምር ሰው ሠራሽ ሐይቅ የለም።

ወደዚህ ደረጃ የሚደርስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከልጅነት ጀምሮ የክለብ ልጅ ነው። የሃዋይ ክለቦች የበጋ ውድድሮች ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት እስከ ስድሳና ሰባ ዓመት አዛውንት ድረስ በዕድሜ ተከፍለው በአንድ ቀን፣ በአንድ ባሕር ዳርቻ ይካሄዳሉ። አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ቀን ለአንድ ክለብ መቅዘፋቸው የተለመደ ነው። ልማዱም ሥር አለው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሚስዮናውያን ውርርድ ይበዛበታል ብለው ያዳከሙትን የታንኳ ውድድር በ1875 መልሶ ያነቃቃው ንጉሥ ካላካዋ ነበር። ግዛቲቱ ቀዘፋን በ1986 ይፋዊ የቡድን ስፖርቷ አድርጋ ደንግጋዋለች፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሻምፒዮና ስፖርት ሆኗል። በግዛት አቀፉ የክለቦች ሻምፒዮና የሚቀዘፈው በሃዋይ ብቻ ከሚበቅለው ኮዋ ከተባለ ዛፍ በተጠረቡ ታንኳዎች ነው። ለዚህ የሚበቃ ትልቅ ግንድ እየጠፋ በመምጣቱ ክለቦች አሮጌዎቹን ታንኳዎች እንደ ቤተሰብ ቅርስ ይጠብቋቸዋል፤ ሲሰነጠቁ ይጠግኗቸዋል፣ ስም ይሰጧቸዋል፣ ይመርቋቸዋል። በ1933 የተጠረበችው ማሊያ የተባለች ታንኳ ቅርጿ ተወስዶ የፋይበርግላስ ታንኳዎች ቅጂ ሆኖ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገረ ሲሆን፣ ራሷ ታንኳዋ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ገብታለች።

ትምህርት ቤቱ ሲያልቅ ግን መንገዱ ይጠባል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ለሴቶች የሚያዘጋጀው የጀልባ ቀዘፋ ሻምፒዮና ከ1997 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ የትምህርት ዕድል የሚያገኙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ያ ስፖርት ግን ወደ ኋላ ዞሮ በረጅም መቅዘፊያ የሚቀዘፍበት የአውሮፓ ስፖርት ነው። የሃዋይ ታንኳ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ሻምፒዮን በአገሯ ልጆች ዘንድ የምትከበር፣ ከደሴቶቹ ውጭ ግን በስፖርት ተቋማት ዘንድ እንደሌለች የምትቆጠር ቀዛፊ ሆና ትቀራለች።

ካያኩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሃዋይ ካያክ በሁለት መልክ ይታወቃል። አንዱ ሰርፍ ስኪ የሚባለው፣ ረጅምና ላዩ ክፍት የሆነ፣ በሁለት ጫፍ መቅዘፊያ የሚነዳ የባሕር ካያክ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሞሎካይ ወደ ኦዋሁ በነጠላ የሚደረገው የ51 ኪሎ ሜትር የሰርፍ ስኪ ውድድር የዓለም ምርጦች የሚመኙት ሆኗል። ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ቻሉፕስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1983፣ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በ2012 አሸንፎታል። በ1984 ኦሊምፒክ በካያክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው አውስትራሊያዊው ግራንት ኬኒም የዚህ ሰርጥ አሸናፊ ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ የወርቅ ሜዳሊያ የወሰደው የአገሩ ልጅ ክሊንት ሮቢንሰንም እንዲሁ በኋላ ወደዚሁ ሰርጥ መጥቶ አሸንፏል። ከዓለም የተሰበሰቡ የካያክ ሻምፒዮኖች ትልቅነታቸውን ሊፈትኑ ወደ ሃዋይ ሲመጡ፣ ሃዋያውያን ደግሞ በኦሊምፒክ ለመታወቅ ከሃዋይ መውጣት ነበረባቸው።

ሁለተኛው መልክ በመስመር የተከፈለ ጸጥ ያለ ውኃ ላይ የሚደረገው የኦሊምፒክ ካያክ ነው። ነጠላዋ ጀልባ ርዝመቷ ከ5.20 ሜትር የማይበልጥ፣ ክብደቷ ከ12 ኪሎ ግራም የማያንስ ስስ ነገር ናት። አማ የላትም፤ እቅፍ አድርጎ የሚይዝ ስፋትም የላትም። በካኢዊ ሰርጥ መሀል ታንኳ የመራች ጠንካራ ሴት እንኳ መጀመሪያ ስትቀመጥባት ጥቂት ሜትር ሳትሄድ ውኃ ውስጥ ትገባለች። ከታንኳው ተሻግሮ የሚጠቅማት ነገር አለ፤ ኃይልን ከክንድ ሳይሆን ከወገብ መጠምዘዝና ከእግር ግፊት ማምጣቱን አስቀድማ ታውቀዋለች፤ የረጅም ሰዓት ትንፋሿም ያግዛታል። የማይሻገረው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ችሎታዋ ነው፤ ከኋላ የሚመጣውን ሞገድ ሳያዩ ማወቅ፣ ታንኳዋ መቼ እንደምትንሸራተትና መቼ ጉልበት መቆጠብ እንደሚገባ መለየት፣ ወራጁ ወዴት እንደሚወስድ አስልቶ መድረሻውን ወደ ጎን ማነጣጠር። የሴቶች የነጠላ ካያክ 500 ሜትር ከሁለት ደቂቃ በታች ያልቃል። በዚያ ርቀት የባሕር ዕውቀት ቦታ የለውም።

ይህን ሁሉ ጥለው የሄዱ ነበሩ፤ ተሳክቶላቸዋልም። ሆኖሉሉ ላይ የተወለደችው ትሬሲ ፊሊፕስ በ1988 ሴኡል፣ በ1992 ባርሴሎና፣ በ1996 ደግሞ አትላንታ ላይ ለአሜሪካ በካያክ ተወዳድራለች። ለሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች መመረጥ ማለት ቢያንስ ስምንት ዓመት በከፍተኛ ደረጃ መቆየት ነው። ነገሩን ከአሜሪካ የካያክ አቅም ጋር ካስተያየነው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የአሜሪካ ሴቶች በ1964 ቶኪዮ ላይ በነጠላ የነሐስ፣ በጥንድ ደግሞ የብር ሜዳሊያ ካገኙ በኋላ በዚህ ጸጥ ያለ ውኃ ካያክ ለረጅም ጊዜ ሜዳሊያ አልቀናቸውም። የኦሊምፒክን ውጤት ብቻ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለችውን ሴት ሜዳሊያ ያላገኘች ተወዳዳሪ ብሎ ያልፋታል። የዋይኪኪ ሰው ግን በሌላ ሚዛን ይመዝናታል፤ ሁለት ውኃ የቻለች ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀለለ ለማለት አይቻልም። የአሜሪካ የታንኳና የካያክ ስፖርት ከ2009 ጀምሮ ይፋዊ የልምምድ ማዕከሉን በኦክላሆማ ሲቲ፣ ከየትኛውም ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኝ ወንዝ ላይ አደራጀ። ከደሴት ተነሥታ ወደዚያ ለምትሄድ ወጣት ጥያቄው የስፖርት ብቻ አይደለም። ቤተሰቧን፣ ክለቧን፣ ትምህርቷንና ሥራዋን ትታ፣ መንግሥት በቀጥታ ገንዘብ በማይመድብለት ስፖርት ውስጥ አራት ዓመት መቆየት አለባት። ባይሳካላት ወደ ቤቷ የምትመለሰው ዕዳ ይዛ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ያልደፈረችውን ቀዛፊ ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ በእኔ አስተያየት ከሄዱት የማያንስ ችሎታ ያላቸው በርካቶች የቀሩት እዚህ ላይ ነው።

በባሕሩ ላይ ለመቆየት የመረጡት በበኩላቸው ሌላ ዓይነት የሙያ ሕይወት ፈጥረዋል። የማዊ ደሴቱ ካይ ባርትሌት አማ ባላት የአንድ ሰው ታንኳ ሰርጡን በማቋረጥ ውድድር በተደጋጋሚ አሸንፏል። ሆኖም ስሙን በዓለም የቀዘፋ ሰፈሮች ሁሉ ያዳረሰው ነድፎ የሚያሠራቸው ታንኳዎች ናቸው። ሻምፒዮን መሆኑ ሸቀጡን ያሳምናል፤ ሸቀጡ ደግሞ ሻምፒዮንነቱን ያኖረዋል። ይህ የተከበረ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን የጀልባ ዲዛይን ተሰጥኦና የንግድ አቅም ለሌላት ሴት ወይም ወንድ የሚሆን አይደለም። አብዛኞቹ ሻምፒዮኖች ቀን በእሳት አደጋ መከላከል፣ በማስተማር፣ በግንባታ ወይም በቱሪዝም ሥራ ውለው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባሕር ላይ የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። ለሰርጡ ውድድር የአጃቢ ጀልባ ኪራይ፣ የታንኳ ማጓጓዣና ማረፊያ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ክለቦቻቸው በምግብ ሽያጭና በመዋጮ በሚያሰባስቡት ገንዘብ ነው።

ታሂቲ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ ውጤቱም ታይቷል። በዚያ ታላላቆቹ ቡድኖች የኩባንያ ስም ይዘዋል፤ የነዳጅ ኩባንያው ሼል፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያው፣ የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ የየራሳቸው የቀዘፋ ቡድን ነበራቸው። ቀዛፊዎቹ በድርጅቱ ተቀጥረው የልምምድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ሃዋይኪ ኑይ ቫዓ ሦስት ቀን ሙሉ ከሁዋሂኔ ወደ ራያቴያ፣ ወደ ታሃዓ፣ ከዚያም ወደ ቦራ ቦራ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ያለ ቅያሪ የሚቀዘፍበት ሲሆን፣ የአገሪቱ ቴሌቪዥንና ሕዝቡ ከሥራው ተነሥቶ ይከታተለዋል። ከ2006 ወዲህ የሞሎካይ ሆኤን ድል በአብዛኛው ይዘው የሄዱት የታሂቲ ቡድኖች፣ በተለይም ሼል ቫዓ ናቸው። አንዳንድ ሃዋያውያን ይህን የታሂቲዎች አጭርና ፈጣን ምት የፈጠረው የቴክኒክ ብልጫ አድርገው ያዩታል። ቴክኒኩ አለ፤ የታሂቲ የነጠላ ታንኳ መሪ መቅዘፊያ ስለሌላት ልጆቹ ታንኳን በመቅዘፊያቸው ብቻ ማቅናትን ከሕፃንነት ይማራሉ፤ የሃዋይ ነጠላ ታንኳ ግን በእግር የሚዘወር መሪ አላት። ይሁን እንጂ በቀን ሁለት ጊዜ የሚለማመድን ሰው ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው በቴክኒክ ብቻ አይደርስበትም።

ወደ ባንዲራው እንመለስ። የሃዋይ መንግሥት በ1893 ተገለበጠ፤ ደሴቶቹ በ1898 ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ፤ በ1959 ደግሞ ሃምሳኛዋ ግዛት ሆኑ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1993 ለግልበጣው በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ስለዚህ በቫዓ ሻምፒዮና ላይ የሃዋይ ባንዲራ መውለብለቡ ለብዙ የደሴቲቱ ተወላጆች ከስፖርት በላይ ትርጉም አለው። ኦሊምፒክ ለዚህ ቦታ የለውም። ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋምና አሜሪካን ሳሞዋ በአሜሪካ ሥር ሆነውም የራሳቸው የኦሊምፒክ ኮሚቴ አላቸው፤ ይህን ያገኙት ግን ቀደም ብለው ነው። ከ1996 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ነፃ መንግሥት ተብሎ ያልታወቀ ወገን አዲስ ኮሚቴ ማስመዝገብ አይችልም፤ ሃዋይም ግዛት እንጂ የተለየ አስተዳደር ያላት ደሴት አይደለችም። ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው፤ ራሱ የታንኳ መሪ የነበረው ዱክ ካሃናሞኩ በ1912 ስቶክሆልም ላይ በዋና ወርቅ ያገኘው ለአሜሪካ ነበር። በሰርፊንግም (በሰሌዳ ሞገድ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) በዓለም ዙር ውድድሮቹ የሃዋይን ባንዲራ ይዛ የምትወዳደረው የሆኖሉሉዋ ካሪሳ ሙር በቶኪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያውን የሴቶች ወርቅ የወሰደችው የአሜሪካን ባንዲራ ለብሳ ነው። በ2024 የሰርፊንግ ውድድሩ የተካሄደው ታሂቲ ውስጥ፣ ቴአሁፖኦ ላይ ነበር፤ የታሂቲው ተወላጅ ካውሊ ቫስት በአገሩ ሞገድ ላይ ሲያሸንፍ የተዘመረው የፈረንሳይ መዝሙር ነው።

ቫዓ ወደ ኦሊምፒክ ይግባ የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ቅን ነው። ገቢ፣ የትምህርት ዕድል፣ የመንግሥት ድጋፍና የቴሌቪዥን ሽፋን ይዞ ይመጣል ይላሉ፤ ብዙውም እውነት ነው። ነገር ግን እንዴት ሊገባ እንደሚችል የሚያሳየን ምሳሌ አስቀድሞ አለ። ቫዓ ወደ ፓራሊምፒክ ገብታለች። በቶኪዮና በፓሪስ ፓራሊምፒኮች የአካል ጉዳተኞች ቀዛፊዎች አማ ባላት ነጠላ ታንኳ ተወዳድረዋል፤ የብሪታኒያዋ ኤማ ዊግስና የብራዚሉ ፈርናንዶ ሩፊኖ በሁለቱም ጊዜ ወርቅ ወስደዋል። እነዚህ ድንቅ ስፖርተኞች ናቸው፤ ታንኳዋ ለአካል ጉዳተኞች መንገድ መክፈቷም የሚያኮራ ነው። ውድድሩ ግን በጸጥታ ሐይቅ ላይ 200 ሜትር ነው፤ የሚመራውም የፓስፊክ ደሴቶች በ1981 ባቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቫዓ ፌዴሬሽን ሳይሆን ካያክን በሚመራው ዓለም አቀፍ የታንኳ ፌዴሬሽን ነው። የውቅያኖሱ ታንኳ ወደ ትልቁ መድረክ ስትገባ ውቅያኖሱን፣ ስድስቱን ሰዎችና የደሴቶቹን ስም በር ላይ ትታ ገብታለች።

የአስተዳደሩ ጉዳይ ትንሽ ነገር አይደለም። በሰሌዳ ላይ ቆሞ የመቅዘፍ ስፖርትን በኦሊምፒክ ደረጃ ማን ይምራው በሚለው ጉዳይ የሰርፊንግ ማኅበሩና የታንኳ ፌዴሬሽኑ ለዓመታት ተከራክረው፣ በ2020 የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ለሰርፊንግ ማኅበሩ ፈርዷል። ፌዴሬሽን የሚመራው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የጀልባውን ልክ፣ የርቀቱን ዓይነት፣ የማጣሪያውን ቦታ፣ የኮታውን ክፍፍል ይወስናል። ቫዓ በካያክ ተቋም በኩል ኦሊምፒክ ውስጥ ብትገባ የሚመረጡት ገንዘብና ማሠልጠኛ ሐይቅ ያላቸው አገሮች ናቸው፤ ለሃዋይና ለታሂቲ የሚደርሰው አንዳንድ ልጆቻቸው በአሜሪካና በፈረንሳይ ማልያ መታየታቸው ብቻ ይሆናል። ሴቲቱ እንደገና ከቤቷ መውጣት ሊኖርባት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን የምትወጣው በራሷ ታንኳ ምክንያት ነው።

እኔ ቫዓ ኦሊምፒክ ውስጥ መግባቷን አልቃወምም። የስድስት ሰው ታንኳ በክፍት ባሕር ላይ፣ በደሴቶቹ ፌዴሬሽን መሪነት የሚካሄድ ውድድር ሆኖ ከመጣ ደጋፊ ነኝ። በሎስ አንጀለስ 2028 ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው በሞገድ ላይ የሚቀዝፉበት የአጭር ርቀት የጀልባ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ መካተቱ ክፍት ባሕር ለኦሊምፒክ አይመችም የሚለውን ምክንያት ያፈርሰዋል። የ2032 አስተናጋጅ ብሪዝበን ደግሞ ባለ አማ ታንኳ በርካታ ክለቦች ባሉት በኩዊንስላንድ የምትገኝ የፓስፊክ ከተማ ናት፤ አስተናጋጆች ተጨማሪ ስፖርት እንዲያካትቱ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ። የባንዲራው ጥያቄ በዚያ አይፈታም፤ ከ1996ቱ ደንብ ጋር እስካለን ድረስ ሃዋይ ሃዋይ ሆና ኦሊምፒክ አትገባም። ስለዚህ የዓለም ቫዓ ሻምፒዮና ደሴቶቹ በስማቸው የሚቆሙበት ዋና መድረክ ሆኖ መቀጠል አለበት፤ ኦሊምፒክ መጣ ተብሎ ወደ ማጣሪያ ውድድርነት ዝቅ ሊል አይገባም።

ከዚያ በፊት በሃዋይ በራሷ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ማንንም ማስፈቀድም አያስፈልገውም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ወደ ባሕር ያወጣሉ፤ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ግን ለእነርሱ ስኮላርሺፕ ያለው የታንኳ ቡድን ቢኖረው አሥራ ስምንት ዓመት ላይ የሚቋረጠው መንገድ ይቀጥል ነበር። በደሴቶቹ የሚሠሩ ትልልቅ ሆቴሎችና አየር መንገዶች የታንኳን ምስል በማስታወቂያቸው ላይ በብዛት ይጠቀማሉ፤ የታሂቲ ኩባንያዎች እንዳደረጉት ቀዛፊ ቀጥረው የልምምድ ሰዓት ቢሰጡ ወጪው ከአንድ የማስታወቂያ ዘመቻ አይበልጥም። ናፒ ተብሎ የሚታወቀው ጆሴፍ ናፖሊዮን ከ1958 ጀምሮ ከሃምሳ ጊዜ በላይ በሞሎካይ ሆኤ ሰርጡን አቋርጧል፤ ከባለቤቱ ከአኖና ጋር ያቋቋሙት አኑዌኑዌ የተባለው ክለብም ትውልድ አሠልጥኗል። ኦሊምፒክ እንዲህ ላለ የስፖርት ሕይወት የሚሆን መለኪያ የለውም፤ ክለቦቹ ግን አላቸው። ገንዘቡና ድጋፉ መሄድ ያለበት መጀመሪያ ወደ እነርሱ ነው።